ከድስት የተነሳው የብረት ድልድይ

ስለ ኢንዱስትሪ አብዮት ሲነሳ ቶሎ ትዝ የሚለን የእንፋሎት ሞተርን ያሻሻለው ጄምስ ዋት ነው። እንግሊዝ ውስጥ ሰቨርን ወንዝ ዳር ያለችው አይረንብሪጅ ግን ታሪኩን ከዋት በፊት፣ ከድስት ትጀምረዋለች።

ከጓደኛዬ ጋር ነበር የሄድኩት። እሱ በርሚንግሃም ጋራዥ ውስጥ ይሠራል፤ ብረት ካየ ሳይነካ አያልፍም። እስከ ቴልፎርድ በባቡር፣ ከዚያ በአውቶቡስ። መንገዱ ብዙ የሚወራለት አይደለም። ሸለቆው ግን ያምራል። ጠባብ ነው፣ ዳገቱን ዛፍ ውጦታል፣ ቤቶቹ ቁልቁል ወደ ወንዙ ተደርድረዋል። ያ ሁሉ ጭስ እዚህ ነበር ቢሏችሁ አታምኑም።

ድልድዩ እ.ኤ.አ. በ1779 ቆመ፤ በ1781 ለመንገደኛ ተከፈተ። በዓለም የመጀመሪያው ትልቅ የብረት ድልድይ ነው። ወንዙን በ30 ሜትር ቅስት ይሻገራል፤ ወደ 380 ቶን የሚጠጋ ብረት ፈጅቷል። በፎቶ የማውቀው ግራጫ ሆኖ ነበር። በ2018 ሲታደስ ወደ ድሮው ጠቆር ያለ ቀይ ቀለሙ ተመልሷል።

ጓደኛዬ ከሥር ሆኖ መጋጠሚያዎቹን ሲያይ ቆየና፣ «አንተ፣ ብሎኑ የታለ?» አለኝ። የለም። እንዲህ ያለ ድልድይ ከዚያ በፊት በብረት የሠራ ስላልነበረ፣ ሰዎቹ የሚያውቁትን የአናጺ ሙያ ነው የተጠቀሙት። ብረቱን እንደ እንጨት ወንዴና ሴቴ አድርገው ሰክተው፣ በሽብልቅ ወጥረውታል። ዛሬ ላይ ሆኖ ሲታይ ብረቱን ከሚገባው በላይ አብዝተውበታል። ግን በ1795 ሰቨርን ሞልቶ ሌሎች ድልድዮችን ሲያፈርስ ይኼኛው ንቅንቅ አላለም።

ንድፉን ያወጣው ቶማስ ፕሪቻርድ ሥራው ሳያልቅ በ1777 ሞተ። ያሠራው ሦስተኛው አብርሃም ዳርቢ ደግሞ ወጪው ከታሰበው በላይ ሄዶበት፣ እስኪሞት ድረስ ከዕዳ አልወጣም። ቀረጥ መሰብሰቢያዋ ቤት ላይ የተሰቀለው የዋጋ ሰሌዳ አስቆኛል። ወታደርም ይሁን መኮንን፣ የንጉሥ ቤተሰብም ቢሆን ሳይከፍል አያልፍም ይላል። እኛ በነፃ ተሻገርን። እግረኛ መክፈል ያቆመው በ1950 ነው።

ከድልድዩ ወደ ኮልብሩክዴል በእግር ይኬዳል። አሮጌው ማቅለጫ እዚያ አለ፣ ከላዩ መጠለያ ተሠርቶለታል። ለእኔ ከድልድዩ ይበልጥብኛል። የመጀመሪያው አብርሃም ዳርቢ፣ የድልድዩ ሰው አያት፣ ወደዚህ የመጣው ርካሽ የብረት ድስት ለመሥራት ነበር። በ1707 ብረትን በአሸዋ ቅርፅ ውስጥ አፍስሶ ስስ ድስት የማውጣት ፓተንት አግኝቷል። ችግሩ ማገዶ ነው። ብረት የሚቀልጠው በእንጨት ከሰል ስለነበር ደን ይበላል። የድንጋይ ከሰል እንዳለ ከገባ ደግሞ ውስጡ ያለው ድኝ ብረቱን ያበላሸዋል። ዳርቢ ልጅ ሆኖ በርሚንግሃም ውስጥ የብቅል ወፍጮ ከሚሠራ ባለሙያ ዘንድ ነው ሥራ የተማረው። ብቅል አድራቂዎች ደግሞ የድንጋይ ከሰሉን አስቀድመው አየር ሳያገኝ ያግሉትና ጭሱን ያስወጡለት ነበር። ኮክ የሚሉት ይኸ ነው። ዳርቢ በ1709 በኮክ አቀለጠ፤ የአካባቢው ከሰል ድኝ ያነሰው መሆኑም ረዳው። ኮክ ከእንጨት ከሰል ይጠነክራል፣ የተጫነበትን ማዕድን ተሸክሞ አይደቅም። ስለዚህ ማቅለጫውን ማተለቅ ተቻለ። የልጅ ልጁ ለድልድዩ ሲያሰፋው የጻፈው 1777 ምሰሶው ላይ አሁንም ይነበባል።

ከዚያ በኋላ ያለው የእንፋሎት ሞተርም ብረት ይፈልጋል። የዋት ሞተር መጀመሪያ ላይ ያስቸገረው በሐሳቡ አይደለም፤ ፒስተኑ የሚመላለስበት ቱቦ፣ ሲሊንደሩ፣ ውስጡ እኩል ክብ ስላልነበረ እንፋሎቱ በፒስተኑ ጎን ያመልጥ ነበር። መፍትሔው የመጣው ከጆን ዊልኪንሰን ነው። ሰውየው በ1774 መድፍ መብሻ ማሽን ሠርቶ ስለነበር፣ በዚያ ልምድ ሲሊንደሩን በትክክል ቦረቦረለት። ከመጀመሪያዎቹ የዋት ሞተሮች አንዱ በ1776 ሥራ የጀመረው ከወንዙ ማዶ፣ ብሮዝሊ አጠገብ ባለው የዊልኪንሰን ማቅለጫ ነው።

ሐዲዱም ከዚህ ነው። ኮልብሩክዴል በ1767 የብረት ሐዲድ ማውጣት ጀመረ፤ የሚጎትተው ፈረስ ነበር። ሪቻርድ ትሬቪቲክ በ1804 ዌልስ ውስጥ የእንፋሎት ባቡር ሠርቶ 10 ቶን ብረትና 70 ያህል ሰው አስጎተተ። ባቡሩ ሄደ፣ ሐዲዱ ግን ክብደቱን አልቻለም፤ ተሰባበረ። ይህን ስነግረው ጓደኛዬ ሳቀ። «በለው! መኪናው ደህና፣ መንገዱ ብልሽት። የየቀኑ ደንበኞቼ ናቸው።»

ፈስሶ የተሠራ ብረት ጫና ይችላል፣ ሲታጠፍ ግን ይሰበራል። በ1820 ጆን ቢርኪንሾ ሊታጠፍ የሚችል ብረት በሮለር እየዳመጠ ረጃጅም ሐዲድ ማውጣት ቻለ። በ1825 የተከፈተው የስቶክተንና ዳርሊንግተን መስመር አብዛኛው የተነጠፈው በዚሁ ዓይነት ሐዲድ ነው።