መሃከለኛው ተማሪ እዚህ ምን ያገኛል? ስለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አመራረጥ

ትምህርት ቤቶች በራቸው ላይ የሚሰቅሉት የጎበዞችን ፎቶ ነው። አምስት ወይም አስር ልጆች፣ ከስማቸው ጎን ውጤታቸው፣ ከሥር ደግሞ «መቶ በመቶ አሳልፈናል» የሚል ጽሑፍ። ከነዚህ ልጆች ብዙዎቹ የትም ቢማሩ ያልፉ ነበር። በጣም የደከመውም ልጅ ቢሆን ዞሮ ዞሮ የአንድ ሰው ዓይን ያርፍበታል። የሚረሳው በመሃል ያለው ነው፤ የማይረብሽ፣ የማይወድቅ፣ የማይሸለም። አብዛኛው ልጅ ደግሞ እዚያው መሃል ላይ ነው። ስለዚህ ጎበዝ ተማሪውን ትተን፣ በተራ የትምህርት ቀን ይህ መሃከለኛ ልጅ ምን ያገኛል ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

በትልቅ ከተማ ግን ከሁሉ በፊት ዝርዝሩን የሚያሳጥረው መንገዱ ነው። ለአንድ ጉዞ 50 ደቂቃ ሲሰሙት ቀላል ነው። ደርሶ መልስ 100 ደቂቃ ይሆናል፤ የትምህርት ዓመቱ 180 ቀን ቢሆን 300 ሰዓት፣ በአራት ዓመት 1,200 ሰዓት። የቤት ሥራው ስለማይቀነስ ይህ ሰዓት የሚወሰደው ከእንቅልፍ ላይ ነው። ከ13 እስከ 18 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት ያስፈልገዋል። በዚህ ዕድሜ ሜላቶኒን የሚባለው የእንቅልፍ ሆርሞን ማታ ዘግይቶ ስለሚመነጭ «ቶሎ ተኛ» የሚለው ትእዛዝ ብዙም አይሠራም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2014 የዚህ ዕድሜ ተማሪዎች ትምህርት ከጠዋቱ 2፡30 በፊት እንዳይጀመር የመከረውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ሂሳቡን ለራሳችሁ ልጅ ሥሩት። ትምህርቱ 2፡00 ላይ ተጀምሮ መንገዱ 50 ደቂቃ ከፈጀ፣ 10 ደቂቃ መጠባበቂያ ይዞ ልጁ 1፡00 ላይ ከቤት ይወጣል፣ 12፡15 ላይ ይነሳል። 9 ሰዓት ለመተኛት ማታ 3፡15 ላይ እንቅልፍ ወስዶት መገኘት አለበት። ይህ በቤታችሁ ይቻላል? ካልተቻለ ትምህርት ቤቱ የቱንም ያህል ቢወራለት ከዝርዝሩ ይውጣ። መንገዱን ስትለኩ በእረፍት ቀን ወይም በእሑድ አትለኩት። በትምህርት ቀን፣ በመግቢያና በመውጫ ሰዓት፣ ልጁ በሚጠቀምበት መጓጓዣ፣ ልጁን ይዛችሁ ሂዱ። አብዛኛው ሰው የሚዘነጋው የምሽቱን ነው፤ ሰርቪሱ ከሄደ በኋላ ከክበብ ወይም ከማጠናከሪያ ትምህርት የሚወጣ ልጅ በምን ይመለሳል? መልስ ከሌለው ክበቡም ማጠናከሪያውም ለእናንተ ልጅ የለም ማለት ነው።

ከዚህ ማጣሪያ በኋላ አራት ወይም አምስት ትምህርት ቤት ከቀረ በቂ ነው። አሁን ወደ ቁጥሮቹ።

የማለፍ መጠን ሲነገራችሁ ከስንት ተማሪ እንደሆነ ጠይቁ። አንድ ትምህርት ቤት በመጀመሪያው ዓመት 240 ተማሪ ተቀበለ እንበል። በመጨረሻው ዓመት ለፈተና የተቀመጡት 150 ናቸው፣ ያለፉት 141። በማስታወቂያው ላይ የሚወጣው 94 በመቶ ነው። ከገቡት 240 አንፃር ግን እዚያው ተምረው፣ በወቅቱ ደርሰው ያለፉት 59 በመቶ አይሞሉም። ቀሪዎቹ 90 ልጆች የት ሄዱ? አንዳንዶቹ ቤተሰባቸው ሰፈር ቀይሯል፤ አንዳንዶቹ ክፍል ደግመዋል፤ አንዳንዶቹ ደግሞ ከፈተናው በፊት «ሌላ ቦታ ቢሞክር ይሻለዋል» ተብለው በትህትና ተሸኝተዋል። የሸኘ ትምህርት ቤት የሸኘውን በቁጥር አይናገርም፤ እናንተ ግን በመጀመሪያውና በመጨረሻው ዓመት ስንት ምድብ እንዳለ ብትጠይቁ ወይም በኮሪደሩ ስታልፉ ብትቆጥሩ ልዩነቱን ታዩታላችሁ። ስድስት ምድብ ገብቶ አራት ከወጣ ምክንያቱን የማወቅ መብት አላችሁ።

ተማሪው ጥቂት በሆነበት ትምህርት ቤት የአንድ ዓመት ውጤት ብዙም አይናገርም። 30 ተፈታኝ ካለ አንድ ልጅ ብቻውን ከ3 በመቶ በላይ ያንቀሳቅሳል፤ የሦስት ዓመት ውጤት ጎን ለጎን ይቅረብላችሁ። ሌላው የውጤት ወጥመድ ሲገባ የተመረጠ ተማሪ ነው። በመግቢያ ፈተና ጎበዞችን ብቻ ያስገባ ትምህርት ቤት ጎበዞችን ቢያስመርቅ የማስተማሩን ጥራት አያሳይም። በቦስተንና በኒውዮርክ በፈተና በሚቀበሉ ዝነኛ ትምህርት ቤቶች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት፣ የመግቢያ ነጥቡን ለጥቂት ያለፉትንና ለጥቂት የወደቁትን ልጆች አወዳድሮ በኋለኛው የፈተና ውጤታቸው ላይ ብዙም ልዩነት አላገኘም። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ፕሮግረስ 8 የሚባል መለኪያ ማውጣት የጀመረችው ለዚህ ነው፤ አንድ ተማሪ በመጀመሪያ ደረጃ ማብቂያ ተመሳሳይ ውጤት ከነበራቸው ልጆች ጋር ሲነፃፀር ምን ያህል ተራመደ የሚለውን ይለካል። እንዲህ ያለ መረጃ በማይወጣበት ቦታ ራሳችሁ ጠይቁ፦ «በመሃከለኛ ውጤት የገቡት ልጆች ሲጨርሱ ስንት አመጡ?» ይህን የሚመልስ ርዕሰ መምህር ተማሪዎቹን ይከታተላል ማለት ነው። ወደ ፎቶው ግድግዳ የሚወስዳችሁም ሳያውቀው መልሷል።

ጎብኙ፤ ግን ለጎብኚ በተዘጋጀው ቀን ብቻ አይሁን። በዚያ ቀን ሁሉም ነገር ታጥቧል፣ የሚናገሩትም ተማሪዎች ተመርጠዋል። ቀጠሮ ይዛችሁ በሥራ ቀን፣ ከተቻለ የዕረፍት ሰዓቱን ጨምሮ ሂዱ። ላቦራቶሪ ስታዩ መሣሪያው መኖሩን ሳይሆን የሚሠራበት መሆኑን እዩ። ቧንቧው ውሃ አለው? የኬሚካል ጠርሙሶቹ ላይ የተጻፈው ቀን መቼ ነው? በዚህ ወሰነ ትምህርት ስንት የተግባር ሥራ ተሠራ? 45 ተማሪ ባለበት ክፍል 5 ማይክሮስኮፕ ካለ በአንዱ ላይ ዘጠኝ ልጅ ነው፤ ሁለቱ ሲያዩ ሰባቱ ያወራሉ፣ መሃከለኛው ልጅ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከሰባቱ ነው። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ መደርደሪያውን ሳይሆን የውሰት መዝገቡን ተመልከቱ። መጸዳጃ ቤትም ግቡ። የሚዘጋ በርና ሳሙና የሌለው መጸዳጃ ቤት ውሃ የማይጠጡ፣ ቀኑን ሙሉ ታግሰው የሚውሉ ልጆች አሉ ማለት ነው፤ ለሴት ልጅ ደግሞ በወር አበባ ቀናት ከትምህርት መቅረት ይሆናል።

ከሁሉ በላይ የሚናገረው የተማሪ ደብተር ነው። የአንደኛ ሳይሆን የማንኛውም ተማሪ የሒሳብ ደብተር እንዲያሳዩአችሁ ለምኑ። መምህሩ መጨረሻ ያረመው መቼ ነው? የራይት ምልክት ብቻ ነው ወይስ ስህተቱ የት እንደተጀመረ ተጽፏል? ልጁስ የታረመውን መልሶ ሠርቶታል? ሁለት ገጽ ደብተር ከአንድ ሰዓት ገለጻ ይበልጣል።

«ለአንድ መምህር 18 ተማሪ ነው ያለን» ሲሏችሁ አትርኩ። 900 ተማሪና 50 መምህር ያለው ትምህርት ቤት በእርግጥ ለአንድ መምህር 18 ተማሪ አለው። የመማሪያ ክፍሎቹ 20 ከሆኑ ግን በእያንዳንዱ ውስጥ 45 ልጅ ተቀምጧል፤ በአንድ ክፍለ ጊዜ የሚያስተምሩት 20 መምህራን ብቻ ናቸውና። የሚጠየቀው በአንድ ክፍል ውስጥ ያለው የተማሪ ቁጥር ነው፣ በተለይ የሒሳብና የቋንቋ። ቀጥላችሁ ባለፈው ዓመት በሒሳብና በፊዚክስ ስንት መምህር እንደለቀቀ ጠይቁ። በዓመቱ መሃል መምህር ሲቀየር ጎበዙ በራሱ ያነባል፣ አቅም ያለው አስጠኚ ይቀጥራል፤ መሃከለኛው ግን የጎደለችበትን ምዕራፍ ይዞ ወደ ሚቀጥለው ክፍል ያልፋል።

ስለ ሥርዓተ ትምህርት ስታስቡ ከመጨረሻው ተነሱ። ልጁ ሊማር የሚችላቸው ሁለት ሦስት የዩኒቨርሲቲ መስኮች ምን ዓይነት ትምህርቶችን በየትኛው ደረጃ ይጠይቃሉ? ምህንድስና ያለ ጠንካራ ሒሳብ አይሆንም፤ ትምህርት ቤቱ ያን ደረጃ የማይሰጥ ከሆነ በሩ የሚዘጋው ገና በምዝገባው ቀን ነው። ዓለም አቀፍ ፕሮግራሞችንም በስማቸው አትግዙ። ለምሳሌ አይቢ (ኢንተርናሽናል ባካሎሬት) ዲፕሎማ ስድስት ትምህርቶች፣ እስከ 4,000 ቃላት የሚደርስ የምርምር ድርሰትና ከክፍል ውጭ የሚሠራ ሥራ አለው፤ ከ45 ነጥብ ቢያንስ 24 ያስፈልጋል። ሰፊ ፍላጎት ላለው ልጅ ደስ ይላል፤ ሁለት ትምህርት ብቻ ለሚወድ ልጅ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ሸክም ነው። እንዲህ ያሉ የሁለት ዓመት ኮርሶችን መሃል ላይ አቋርጦ መዛወር ብዙ ጊዜ ዓመት ያስከፍላል።

ክፍያ የሚጠይቅ ትምህርት ቤት ከሆነ ዋናው ክፍያ ከወጪው አንዱ ክፍል ብቻ ነው። መመዝገቢያ፣ መጻሕፍት፣ ዩኒፎርም፣ ሰርቪስ፣ የፈተና ክፍያ፣ ታብሌት ወይም ላፕቶፕ ሁሉ በአንድ ወረቀት ይጻፍላችሁ። ያለፉት ሦስት ዓመታት ጭማሪም ይነገራችሁ፤ በየዓመቱ 10 በመቶ የሚጨምር ትምህርት ቤት አራተኛው ዓመት ላይ ከመጀመሪያው 33 በመቶ በልጦ ይገኛል። ልጁ ቢለቅ ምን ያህሉ እንደሚመለስ ፊርማ ሳታኖሩ አንብቡ።

ምዝገባው በማመልከቻና በምርጫ ቅደም ተከተል በሚመራባቸው ከተሞች አንድ ጥያቄ ሁሉንም ይወስናል፦ ትምህርት ቤቱን አንደኛ ምርጫው ያደረገ ልጅ ሁለተኛ ካደረገው ይቀድማል ወይ? ቦስተን እስከ እ.ኤ.አ. 2005 የተጠቀመችበት አሠራር እንዲህ ነበር። በዚህ አሠራር አንደኛ ላይ የጻፋችሁት ዝነኛ ትምህርት ቤት ካልተቀበላችሁ፣ ሁለተኛ ላይ የጻፋችሁት ደግሞ አንደኛ ምርጫቸው ባደረጉት ልጆች ሞልቶ ይቆያችኋል፤ ስለዚህ አንደኛ ቦታ ላይ የመግባት ዕድል ያለው ይቀመጥ። ኒውዮርክ እ.ኤ.አ. በ2003፣ ቦስተንም በኋላ የወሰዱት አሠራር ግን ጌልና ሻፕሊ የተባሉ የሒሳብ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1962 ባሳተሙት ሐሳብ ላይ የቆመ ነው፤ ዝርዝሩ በቁጥር እስካልተገደበ ድረስ በእውነት የምትፈልጉትን በቅደም ተከተል ብትጽፉ አትጎዱም። የምርጫው ቁጥር ከተገደበ አንዱን መስመር በርግጠኝነት ለምትገቡበት ትምህርት ቤት ተዉ። ሰነዶቹን ቀድማችሁ አስተያዩ፤ በልደት ምስክር ወረቀት፣ በሪፖርት ካርድና በመሸኛ ደብዳቤ ላይ ያለው ስምና የልደት ቀን በአንድ ፊደል ቢለያይ እንኳ የሚያስመልስ ጸሐፊ አለ፣ ማስተካከያው ደግሞ ሳምንታት ይፈጃል።

በዚህ ሁሉ ውሳኔ ውስጥ ልጁ የት አለ? ከመጀመሪያው ጀምሮ እዚሁ። የመጨረሻ ዝርዝሩ ላይ አንዱን ትምህርት ቤት ያለ ማብራሪያ የመሰረዝ መብት ስጡት። ሄርበርት ማርሽ የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ ያሳየው አንድ ነገር አለ፤ እኩል ችሎታ ካላቸው ሁለት ልጆች፣ በጣም ጎበዞች መሃል የተቀመጠው ስለ ራሱ ችሎታ ያለው ግምት ዝቅ ይላል። ስለዚህ ፈተናውን ለጥቂት አልፎ የሚገባበት ቦታ ላይ ልጁ በክፍሉ ውስጥ ከታች መሆንን ይችለው እንደሆነ በግልጽ አነጋግሩት። ስለ ጉልበተኝነት ለትምህርት ቤቱ የምታቀርቡት ጥያቄም «አለ ወይ?» አይሁን፤ የትም አለ። «ልጁ ለማን ይናገራል፣ በስንት ቀን ውስጥ ምን ይደረጋል?» በሉ።

ተጠባባቂ ዝርዝር ላይ ከወደቃችሁ ተራ ቁጥራችሁ ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። ባለፈው ዓመት እስከ ስንተኛው ተጠባባቂ እንደተጠራና የመጨረሻው ልጅ የተጠራው በየትኛው ሳምንት እንደሆነ ጠይቁ። እስከ 30ኛው ተጠርቶ ከነበረና እናንተ 22ኛ ከሆናችሁ መጠበቅ ያስኬዳል። እስከ 6ኛው ብቻ ከነበረ ግን የሌላውን ቦታ ዛሬውኑ ያዙ፤ ትምህርት ከተጀመረ በኋላ ባሉት ሁለት ሳምንታት የማይመጡ ልጆች ቦታ ስለሚለቁ በዚያን ጊዜ አንዴ ደውላችሁ ጠይቁ።