«እኔ» እና «እኔን»፦ የስድስት ሳምንት ንባቤ

ስለ ምልክታዊ መስተጋብር፣ ማለትም ሰዎች በቃልና በምልክት ሲገናኙ ትርጉምንና የራስን ማንነት እንዴት እንደሚፈጥሩ ስለሚያጠናው የማኅበረሰብ ጥናት ዘርፍ፣ ማንበብ ከጀመርኩ ስድስት ሳምንቴ ነው። ባለፈው የጻፍኩላችሁ ግራ መጋባቴን ብቻ ነበር፤ አሁን ግን አንድ ነገር ጠርቶልኛል።

ያስቸገረኝ አሜሪካዊው ፈላስፋ ጆርጅ ኸርበርት ሚድ ነበር። መጽሐፉ ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1934 በአብዛኛው ከተማሪዎቹ ማስታወሻ የተሰናዳ ስለሆነ ድግግሞሽ ይበዛዋል፤ ታገሡት። እኔ ሰው መጀመሪያ ራሱን አውቆ ከዚያ ከሌሎች ጋር የሚነጋገር ይመስለኝ ነበር። ሚድ ይገለብጠዋል፤ መነጋገሩ ይቀድማል፣ ራስን ማወቅ ከእሱ ይወለዳል። እንዴት የሚለውን ያገኘሁት ስለ ድምፅ ከጻፈው ላይ ነው። ፊታችንን ያለ መስታወት አናየውም፤ የተናገርነውን ግን አድማጩ እንደሚሰማው እኛም እንሰማዋለን። ውሾች ሲጣሉ አንዱ ሲያፈገፍግ ሌላው አቋሙን ይለውጣል፤ የእንቅስቃሴው ትርጉም ግን የጋራቸው አይደለም። እኔ «ተጠንቀቅ!» ብዬ ስጮህ ግን ቃሉ በሰሚው ላይ የሚቀሰቅሰውን ምላሽ በእኔም ውስጥ ይቀሰቅሳል። ራሴን በሌላው ዓይን ለማየት በሩ ይህ ነው። የሚታየውና የሚመዘነው ወገኔ «እኔን» ነው፤ ለዚያ መልስ የሚሰጠው፣ አንዳንዴም ራሴን የሚያስደንቀኝ፣ «እኔ» ነው። በአማርኛ አንዲት «ን» ብቻ መለየቷ ነገሩን ለመያዝ በጣም ረድታኛለች።

የማኅበረሰብ ተመራማሪው ቻርለስ ኩሊ እ.ኤ.አ. በ1902 ያቀረበውን የመስታወት ሐሳብ ግን ቀላል መስሎኝ አልፌው ነበር። ሌላው ሰው እንዴት እንደሚያየኝ እገምታለሁ፤ እንዴት እንደሚፈርደኝ እገምታለሁ፤ ከዚያ እኮራለሁ ወይም አፍራለሁ። «እገምታለሁ» የምትለዋን ልብ አላልኳትም።

ማታ ማታ ሰዎች ስለ እኔ የተናገሩትን መጻፍ ስጀምር ነው የገባኝ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ከዓመታት በፊት «አንተ እኮ ዝምተኛ ነህ» ብሎኝ ነበር። ነቀፌታ ነው ብዬ ያዝኩት፤ ከዚያ ወዲህ በስብሰባ ላይ አፌን የምከፍተው ስጠየቅ ብቻ ሆነ። ባለፈው ሳምንት ምን ማለቱ እንደነበር ጠየቅሁት። መጀመሪያ አላስታወሰውም። ቆይቶ «ሰው ሲናገር ታዳምጣለህ ማለቴ ይሆናል» አለኝ። ፍርዱ የእሱ አልነበረም፤ በስብሰባዎቹ ላይ ያልተናገርኩት ግን በእርግጥ ሳይነገር ቀርቷል። የማኅበረሰብ ተመራማሪዎቹ ዊልያም እና ዶሮቲ ቶማስ እ.ኤ.አ. በ1928 ሰዎች እውነት ብለው የወሰዱት ነገር ውጤቱ እውነት ይሆናል ያሉት እስከዚያ ቀን ድረስ ለእኔ የፈተና ጥያቄ መልስ ብቻ ነበር።

አሁን የያዝኩት ሚድ ስለ ልጆች ጨዋታ የጻፈውን ነው፤ በቡድን የሚጫወት ልጅ የሁሉንም ተጫዋች ሚና በአንድ ጊዜ በአእምሮው የሚይዝበትን ክፍል። ያነበባችሁት ካላችሁ የት ላይ እንደከበዳችሁ ንገሩኝ።