የቀጭኔ ኬክ ፖፕ፤ ከ30ው 26ቱ ቆመውልኛል

ትናንት የሚጡዬ አምስተኛ ልደት ነበር። እስቲ ትንሽ ጉራ ልንዛ፤ ከሰራኋቸው 30 የቀጭኔ ኬክ ፖፖች (የኬክ ፍርፋሪ በክሬም ተድበልብሎ፣ እንጨት ላይ ተሰክቶ ቸኮሌት የሚነከር ነው) 26ቱ ሳይሰነጠቁ፣ ከእንጨታቸው ሳይወልቁ ጠረጴዛ ላይ ደርሰዋል። ምን አላት ትሉ ይሆናል። ከሦስት ሳምንት በፊት ግን ከ20 የተረፉኝ 4 ብቻ ነበሩ። የቀረውን ባለቤቴ ሳምንቱን ሙሉ ቁርስ አደረገው።

ቀጭኔ የሆነው በሚጡ ትእዛዝ ነው። "ፀሐይ መማር ትወዳለች" ላይ ያለችውን ቀጭኔ ነው የምፈልገው ብላ ድርቅ አለች። በሆዴ እሰይ ነው ያልኩት። ቢጫ ክብ ፊት፣ ቡናማ ነጠብጣብ፣ ሁለት ጆሮ፣ ሁለት ቀንድ፣ አለቀ። ፀጉሯ የተጎነጎነ ልዕልት አምጪ ብትለኝ የት እገባ ነበር?

የኬኩን ነገር ቶሎ ልለፈው። ተራ የቫኒላ ኬክ ነው። አዲስ አበባ ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር ስለሚበልጥ የውጭ አሰራር ላይ ያለውን ቤኪንግ ፓውደር እንዳለ ከገለበጣችሁት ኬኩ ተነፍቶ ተነፍቶ መሐሉ ይሰምጣል። እኔ ሩቡን እቀንሳለሁ። ደግሞም ቢሰምጥ ግድ የለም፣ ለማንኛውም ይፈረፈራል። የጠቆረውን ዳር ግን ቆርጣችሁ አውጡት፣ አለበለዚያ ድብልቁ ውስጥ ጠጠር ይሆናል። ክሬሙ ለግማሽ ኪሎ ፍርፋሪ ሁለት የሾርባ ማንኪያ፣ ቢበዛ ሦስት ነው። በእጃችሁ ጨበጥ ስታደርጉት ቅርጹን ከያዘ በቃው። እኔ በመጀመሪያው ቀን አንድ ኩባያ ሙሉ ገልብጬበት ጭቃ ሆኖ እንጨቱ ላይ ቁልቁል ተንሸራተተ። ሌላው ሚዛን ነው፤ እያንዳንዱ 30 ግራም ይሁን። በዓይኔ ሳድበለብል አንዱ ብርቱካን፣ ሌላው ሎሚ አክሎ ነበር።

እንጨቱን ከመሰካታችሁ በፊት ጫፉን የቀለጠ ቸኮሌት ንከሩት። ሙጫው እሱ ነው።

አሁን ወደ መከራዬ። መሰንጠቅ!

የመጀመሪያዎቹን ሃያ ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ ጨርሼ የቴሌቪዥን ካርቶን ውስጥ በነበረው ፎም ላይ ደረደርኳቸው። ፎቶ አነሳሁ፣ ለእህቴ ላክሁ፣ ተኛሁ። ጠዋት ስነሳ አሥራ ስድስቱ ከጆሮ እስከ አገጭ ተሰንጥቀዋል። ከስንጥቁ ደግሞ ዘይት እንደ ላብ ጠብ ጠብ ይላል። ቸኮሌቱን ረገምኩ። የሸጠልኝንም ሰውዬ በሆዴ ረገምኩት (ይቅር ይበለኝ)። ሄጄ ውዱን ገዛሁ። ያም ተሰነጠቀ።

በየቪዲዮው "ፍሪዘር ውስጥ ክተቱት፣ ድንጋይ እስኪሆን ጠብቁ" የሚሉ አሉ አይደል? እኔም በጣም ታዛዥ ስለነበርኩ ድንጋይ እስኪሆን ጠብቄያለሁ። ገመናው እዚያ ጋ ነበር፣ ግን በራሴ ብልጠት አልደረስኩበትም። ሁለተኛው ሙከራ ላይ ስምንቱን ነክሬ እንደጨረስኩ መብራት ሄደ። የቀሩት አሥራ ሁለቱ ፍሪዘር ውስጥ ናቸው። አንድ ሰዓት ጠበቅኩ፣ ሁለት ሰዓት ጠበቅኩ። ከፍሪዘሩ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ትቻቸው ቡና አፈላሁ። ተስፋ ስቆርጥ ጎድጓዳ ሳህን የፈላ ውሃ ድስት ላይ አስቀምጬ ቸኮሌቱን እንደ ገና አቀለጥኩና በስልክ መብራት አሥራ ሁለቱን ነከርኳቸው። ጠዋት ስምንቱ ተሰንጥቀው አገኘኋቸው። አሥራ ሁለቱ አንዳቸውም አልተነኩም።

መብራት በመሄዱ ፈጣሪን ሳመሰግን በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው።

ነገሩ ኋላ ነው የገባኝ። በጣም የቀዘቀዘ ኬክ ኩምትር ይላል። ቸኮሌቱ በዚያ ኩምትር ባለው ላይ ይደርቃል። ኬኩ የክፍሉን ሙቀት ሲያገኝ መልሶ ሰፋ ይላል፣ የደረቀው ቸኮሌት ግን አይለጠጥም፣ ስለዚህ ይፈነዳል። ዘይቱም መውጫ ያገኛል። ፍሪዘር የሚባለውን ነገር ለኬክ ፖፕ እርሱት፣ ማንም ይምከራችሁ ማን። ፍሪጅ ውስጥ አንድ ሰዓት፣ ከዚያ ውጭ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ደቂቃ። ስትነኩት ቀዝቀዝ ያለ፣ ግን የማይበርዳችሁ ሲሆን ንከሩት። ቸኮሌቱም የሚያቃጥል አይሁን። እኔ ቴርሞሜትር የለኝም፣ ከንፈሬ ላይ ጠብታ አድርጌ ነው የምለካው፤ ለብ ካለኝ ልክ ነው። ወፍራም ከሆነ አንድ ማንኪያ የኮኮናት ዘይት ያቀጥነዋል። ውሃ እንዳታስነኩት! አንዲት ጠብታ ብትገባ ሊጥ ይሆናል። ሁሌም መጀመሪያ አንዱን ብቻ ነክራችሁ ሃያ ደቂቃ ጠብቁ። ከነከራችሁ በኋላ ወደ ፍሪጅ አትመልሱት፣ ሲወጣ ያልበዋል። ዱባይ ያለችው እህቴ ያለ ኤሲ አይደርቅልኝም ትላለች፣ እኛ ጋ ግን መስኮት ከፍቶ መተው ይበቃል።

ስለ ቀለሙ አንድ ኑዛዜ አለኝ። ፈሳሽ የምግብ ቀለም ውሃ ስላለው ነጩን ቸኮሌት አበላሸብኝ። በዘይት የተሰራው ደግሞ የሰፈሬ ሱቆች ውስጥ አልተገኘም። ምን አደረግኩ? እርድ! ሩብ የሻይ ማንኪያ እርድ በስስ ጨርቅ ነፍቼ ቀላቀልኩበት። እርድ ቅባት ውስጥ ስለሚሟሟ ቢጫው ኩልል ብሎ ወጣ። አንድም ልጅ አልነቃም። አማቴ ብቻ አንዱን ቀምሰው "ይሄ ነገር አልጫ አልጫ አለኝሳ?" አሉ። እኔ ቫኒላው ነው አልኳቸው።

ጆሮው ለሁለት የተከፈለ ቆሎ ኦቾሎኒ ነው፣ ቸኮሌቱ ሳይደርቅ ቶሎ መሰካት አለበት። እናቶችን ቀድሜ ደውዬ ኦቾሎኒ የማይስማማው ልጅ እንዳለ ጠይቄያለሁ፤ ከአራት ዓመት በታች ላሉትም ያንቃቸዋል ብዬ ጆሮ የሌለው ሰራሁላቸው። "ይሄ ጉማሬ ነው" ብለው በሉት። ነጠብጣቡና ዓይኑ በጥርስ መፋቂያ ጫፍ የተነካ ጥቁር ቸኮሌት ነው፣ ግን ቢጫው ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ ብቻ። ፎንዳንት (ኬክ ማስዋቢያውን የስኳር ሊጥ) የምትሉ ሰዎች አትቆጡኝ፣ ያምራል፣ ሲበላ ግን ሸክላ ነው። ልጆቹም ልጠው ሶፋ ስር ነው የሚከቱት።

ያልደረሱት አራቱ? ሁለቱን ትርፍ ቸኮሌት ላራግፍ ስል በኃይል መታ መታ አድርጌ ጣልኳቸው። አንዱን ሚጡ ዓይኑን በጣቷ ወጋችው። አንዱን እኔ ሌሊት በላሁት።

ያቃተኝ ቀንዱ ነው። የተሰበረ ቀጭን ብስኩት ሰካሁ፣ ግማሹ እስከ ማታ ረግቦ ተጋደመ። የማይረግብ፣ ልጅም የማይወጋ ነገር የምታውቁ ንገሩኝ። ታናሽየው ደግሞ ከወዲሁ አንበሳ አዟል። ጎፈሩን በምን እንደምሰራው ገና እያሰብኩ ነው።