ሁለት ኪሎ የሚበላው ሚዛን

ጅማ ከተማ ዳርቻ በሚገኝ አንድ የእሸት ቡና መፈልፈያ ጣቢያ በሂሳብ ሠራተኛነት ተቀጥሬ ነበር። በለቀማ ወራት፣ ከሰዓት በኋላ፣ ገበሬው ቀይ እሸቱን ይዞ ይሰለፋል፤ አንዱ በአህያ ኩንታል ይጭናል፣ ሌላዋ በዘንቢል አምስት ስድስት ኪሎ ታመጣለች። ቅሬታ ያነሱት ባለ ዘንቢሎቹ ነበሩ። አንዲት እናት፣ «ልጄ፣ ሱቅ አስመዝኜው ነው የመጣሁት፤ እናንተ ዘንድ ሲደርስ ሲሶው የት ይገባል?» አሉኝ።

ኃላፊያችን ነገሩን አልናቁትም። ባለ 20 ኪሎ የብረት መመዘኛ አስመጥተው ቢያስቀምጡት ሚዛኑ 18 አሳየ። «ከአሥሩ አንዱን እየበላ ነው» አሉና የሚነበበው ሁሉ ለ9 ተካፍሎ በ10 እንዲባዛ አዘዙ።

እኔን የከነከነኝ የእናትየው «ሲሶ» ነው። ሲሶና አንድ አሥረኛ ከአንድ ሚዛን እንዴት ይወጣሉ? ማባዛት የሚያርመው ርቱዕ ወደር ያለውን ነገር ብቻ ነው፤ ማለትም አንዱ እጥፍ ሲሆን ሌላውም እጥፍ የሚሆነውን። ፈረሱላን እንውሰድ፦ አንዱ 17 ኪሎ፣ ሁለቱ 34፣ አሥሩ 170፣ ባዶው ባዶ። ኪሎውን ለፈረሱላው ብናካፍል ሁልጊዜ 17 ይመጣል። የኛ ሚዛን ይህን ፈተና ያልፋል ወይ? በአንድ ልኬት አይታወቅም፤ እውነተኛውን ክብደትና ንባቡን በግራፍ ብንነድፍ አንድ ልኬት አንድ ነጥብ ነው፣ በአንድ ነጥብ ላይ የሚያልፈው መስመር ደግሞ ስፍር ቁጥር የለውም። ስለዚህ ሌሎቹንም መመዘኛዎች አስቀመጥን። 5 ኪሎው 3፣ 50ው 48፣ 100ው 98 ሆኑ። ንባቡን ለእውነተኛው ክብደት ስናካፍል 60 በመቶ፣ 96 በመቶ፣ 98 በመቶ መጣ። ልዩነቱ ግን በሁሉም 2 ኪሎ ነው! መስመሩ ቀጥ ያለ ነው፣ በዜሮ ግን አያልፍም። በኃላፊያችን ትእዛዝ ቢሠራ 100 ኪሎ ያመጣው ወደ 109 ኪሎ ሊከፈለው፣ 5 ኪሎ ያመጣችው ደግሞ 3 ኪሎ ከሲሶ ብቻ ልታገኝ ነበር።

ምክንያቱ ቀላል ሆኖ ተገኘ። ሚዛኑ ዜሮ የተደረገው የድሮው የእንጨት ሳጥን ላዩ ላይ እያለ ነው፤ በኋላ የተተካው የፕላስቲክ ሳጥን 2 ኪሎ ይቀልለዋል።

የከበደው ካሳው ነው። ጉድለቱ የሚቆጠረው በኪሎ ሳይሆን በምዘና ነውና፣ 60 ኪሎ በአንድ ጊዜ ያስረከበ 2 ኪሎ ቀርቶበታል፤ ያንኑ 60 ኪሎ በአሥር ዘንቢል ያመላለሰች ግን 20 ኪሎ። ኃላፊያችን «ትንሽ ያመጣ እንዴት ብዙ ይመለስለታል?» ብለው ተከራከሩ። መዝገቡን ገልጬ መስመር በመስመር አሳየኋቸው፤ በእያንዳንዱ ምዘና ላይ 2 ኪሎ ተጨምሮ ልዩነቱ እንዲከፈል ፈረሙ። እኚያ እናት ስማቸው በመዝገቡ ደጋግሞ ስለሰፈረ፣ ብዙ ኩንታል ካስረከቡት የበለጠ ተመለሰላቸው።