«አንጎሉ ሞቷል» ያልኩ ዕለት

የሆስፒታል አስተርጓሚ ነኝ። ሐኪሙ በእንግሊዝኛ ያለውን ለቤተሰብ በአማርኛ፣ ቤተሰቡ የመለሰውን ለሐኪሙ በእንግሊዝኛ ማድረስ ነው ሥራዬ። ከራስ መጨመር ክልክል ነው፣ ከሰው ቃል መቀነስም እንደዚያው። ስምንት ዓመት ሠርቼ ብዙ ተሳስቻለሁ፤ እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ ግን የሁለት ቃል ስህተት ነው።

(ሰዎቹ እንዳይታወቁ አንዳንድ ነገር ቀይሬያለሁ። የተባባልነውን አልቀየርኩም።)

ሠላሳ ያልሞላው ወጣት ነው። ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈስሶ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ገባ። በአራተኛው ቀን ሐኪሙ እናቱንና ታላቅ ወንድሙን አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ አስቀመጣቸው፤ ወንበሩን ወደ እናትየው ሳብ አደረገና «ሂ ኢዝ ብሬይን ዴድ» አለ። እኔም አፌ ላይ እንደመጣልኝ «አንጎሉ ሞቷል» አልኩ።

እናትየው ዝም አሉ። ትንሽ ቆይተው ወደ እኔ ዞሩ። «ሌላው አካሉስ ልጄ? ሌላው ደህና ነው?»

ጥፋቱ የሳቸው አይደለም። እግሩ ተሰበረ፣ ኩላሊቱ ደከመ እንደሚባለው ሁሉ፣ «አንጎሉ ሞቷል» ስላቸው የሰሙት አንድ ብልት መበላሸቱን ነው። ሐኪሙ ያለው «ልጅዎ ሞቷል» ነበር። ቃል በቃል ስተረጉም ዋናውን ጣልኩት።

እርግጥ ሰበብ አለኝ። ሞትን በአማርኛ የምናውቀው በትንፋሽ ነው። ነፍስ፣ ነፋስ፣ ትንፋሽ የአንድ ሥር ልጆች ናቸው። «ነፍሱ ወጣች» እንላለን፤ ሰው ወድቆ ስናገኝ የምንጠይቀውም «ትንፋሹ አለ?» ብለን ነው። የዚህ ልጅ ትንፋሽ ደግሞ አለ። ደረቱ በደቂቃ አሥራ አራት ጊዜ ከፍ ዝቅ ይላል። እጁ ይሞቃል። ጢሙ እንኳ ከገባበት ቀን ጀምሮ አድጓል። ነርሷ ጀርባው እንዳይቆስል በየሁለት ሰዓቱ ታገላብጠዋለች፤ ከማገላበጧ በፊት በስሙ ጠርታ «አሁን ላዞርህ ነው» ትለዋለች። ለሬሳ እንዲህ የሚል ማን አለ?

የማሽኑ ስምም አላገዘኝም። እነሱ «ላይፍ ሰፖርት» ይሉታል፣ እኛ «ሕይወት ማቆያ»። ስለዚህ በአንድ ትንፋሽ «ሞቷል፤ አሁን ያለው ሕይወት ማቆያ ላይ ነው» እንላለን። ይህን የሰማ ቤተሰብ ግራ ቢጋባ ምኑ ይገርማል?

ወንድምየው ሌሊቱን ስልኩ ላይ ሲያነብ አድሮ ነው የመጣው። ኮሪደር ላይ ያዘኝ። «አሥራ ዘጠኝ ዓመት ተኝቶ የነቃ ሰው አለ ይላል። ደግሞ አንዲት ልጅ አለች፣ አንድ ቦታ ሞታለች ተብላ ሌላ ቦታ ወስደዋት ዓመታት ቆየች። እውነት ነው? አንቺ ስንቱን አይተሻል፣ ፍርድ ቤት ብንሄድስ?» መመለስ አልችልም፤ አስተርጓሚ ምክር አይሰጥም። «ጥያቄህን ሐኪሙ ፊት ድገመው፣ እተረጉምልሃለሁ» አልኩት። ፊቱ ሲጨልም አየሁ። ከዚያ ወዲህ በራሴ ጊዜ ያነበብኩትን ነው እዚህ የምጽፈው፤ ያኔ ልመልስለት ያልቻልኩትን።

ከነቁት ሰዎች ልጀምር። ኮማ ሌላ ነው። ዓይናቸውን ገልጠው፣ በራሳቸው ሳንባ እየተነፈሱ፣ ነገር ግን ስለ አካባቢያቸው ምንም ሳያውቁ የሚቆዩ ሰዎች ጉዳይም ሌላ ነው። በ1976 (ዓመቶቹ፣ ወሮቹና ቀኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የኒው ጀርሲ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የአንዲት ወጣት አባት የመተንፈሻ ማሽኑን እንዲያስነቅል ፈቀደ። ማሽኑ ሲነቀል ልጅቱ በራሷ መተንፈሷን ቀጠለች፣ እስከ 1985ም ቆየች። የእሷ አንጎል ክፉኛ ተጎድቶ ነበር እንጂ አልሞተም። ከዓመታት በኋላ ነቁ የሚባሉትም ከነዚህ ወገን ናቸው። የአንጎል ሞት ምርመራ በደንቡ መሠረት ተሟልቶለት በኋላ የነቃ አዋቂ ሰው በሕክምና ጽሑፍ አልተመዘገበም።

ይህ ሁሉ ጣጣ ከማሽኑ ጋር የመጣ ነው። ቀድሞ አንጎል ሲሞት ትንፋሽ ይቆማል፣ ልብም ደቂቃዎች ቆይታ ትከተላለች፤ የትኛው ቀደመ ብሎ የሚከራከር አልነበረም። ማሽኑ መጣና ሳንባውን እየነፋ ልብን ማቆየት ቻለ። በ1959 ሁለት የፓሪስ ሐኪሞች፣ ሞላሬና ጉሎን፣ ከኮማ ያለፈ ሁኔታ ነው ብለው ጻፉት። በታኅሣሥ 1967 ክርስቲያን ባርናርድ ኬፕታውን ላይ የመጀመሪያውን የሰው ልብ ንቅለ ተከላ አደረገ። በነሐሴ 1968 ደግሞ በሄንሪ ቢቸር የሚመራ የሃርቫርድ ኮሚቴ እንዲህ ያለው ሁኔታ ሞት ተብሎ ይቆጠር ሲል ሐሳብ አቀረበ። ወረቀቱ ምክንያቱን አልደበቀም፤ መጀመሪያው ገጽ ላይ ሁለት ይዘረዝራል። አንዱ በታካሚው፣ በቤተሰቡና በሆስፒታሉ ላይ የሚወድቀው ሸክም ነው፤ ሌላው አሮጌው የሞት መለኪያ ለንቅለ ተከላ አካል በማግኘት ላይ ውዝግብ ማስነሳቱ። ይህን ሳነብ አንድ እናት ቢያነቡት ምን ይላሉ ብዬ ለብቻዬ ደነገጥኩ። «ሊወስዱበት ነው የገደሉት» የሚለው ጥርጣሬ ከሜዳ የበቀለ አይደለም።

የሕጉ ቃል በአሜሪካ በ1981 ተረቀቀ፦ የደም ዝውውርና ትንፋሽ ዳግም ላይመለስ ካቆመ፣ ወይም የአንጎል ግንድን (ትንፋሽን የሚያዘውን የአንጎል የታች ክፍል) ጨምሮ የመላው አንጎል ሥራ ሁሉ ዳግም ላይመለስ ካቆመ፣ ሰውየው ሞቷል። ጠበቆች የሚይዙት «ሁሉ» የምትለዋን ቃል ነው። ምክንያቱም በምርመራው ሞተዋል ከተባሉት ሰዎች በአንዳንዶቹ፣ የሽንትን መጠን የሚቆጣጠረውን ሆርሞን የሚያስወጣው የአንጎል ክፍል ሲሠራ ይገኛል። እንግሊዞች ደግሞ ከ1970ዎቹ ጀምሮ የአንጎል ግንድ መሞት ብቻ ይበቃል ብለዋል። ሰው የሞተበት መስመር እንደ አገሩ ትንሽ ወዲያና ወዲህ ይላል ማለት ነው።

ወንድምየው ያነበበላት ልጅ እውነት ነች። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር። በታኅሣሥ 2013 ኦክላንድ ውስጥ የጉሮሮ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ብዙ ደም ፈሰሳት፣ በሦስተኛው ቀን የአንጎል ሞት ታወጀ። ካሊፎርኒያ የሞት ምስክር ወረቀት ሰጠች። እናትየው እምቢ አሉ፤ ተሟግተው፣ በማሽን እንዳለች ወደ ኒው ጀርሲ ወሰዷት። የኒው ጀርሲ ሕግ ከ1991 ጀምሮ፣ የሰውየው ሃይማኖት የአንጎል ሞትን የማይቀበል ከሆነ ልቡ እስኪቆም አልሞተም ይላል። ልጅቱ በጉርምስና ዕድሜ አለፈች፣ የወር አበባም አየች። ልቧ የቆመው በሰኔ 2018 ነው፤ ሁለተኛ የሞት ወረቀት ተጻፈላት። አንድ ልጅ፣ ሁለት ወረቀት፣ በመካከሉ አራት ዓመት ተኩል።

በዚያው በ2013 መጨረሻ ቴክሳስ ውስጥ ተቃራኒው ሆነ። የአሥራ አራት ሳምንት ነፍሰ ጡር እቤቷ ወድቃ ተገኘች፤ አንጎሏ ሞተ። ባልየው የአምቡላንስ ባለሙያ ነው፣ እሷም እንደዚያው፤ በማሽን መቆየት እንደማትፈልግ ነግራዋለች። ሆስፒታሉ ግን ሕጉ ከነፍሰ ጡር ላይ ሕይወት ማቆያ እንዳይነሳ ይከለክላል ብሎ ያዛት። በጥር 2014 ዳኛው ሕጉ የሚናገረው ስለ ታካሚ ነው፣ እሷ ሞታለች፣ አይመለከታትም ብሎ ፈረደ፤ ከሁለት ቀን በኋላ ማሽኑ ተነቀለ። ትክክል ፈርዷል እላለሁ። የገረመኝ ግን ሁለቱን ስታስተያያቸው ነው። አንዱ ቤተሰብ «ሞታለች» ሲባል «አልሞተችም» አለ፤ ሌላው «ሞታለች፣ ስጡኝ» ሲል ከለከሉት። ማሽኑ ግን ያው ማሽን ነው።

የእንግሊዙ ጉዳይ ይብሳል። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነው፣ 2022። የአንጎል ግንድ ምርመራው በደንቡ ሊደረግ አልቻለም፤ ስለዚህ ዳኛዋ የኤምአርአይ ምስሉን መሠረት አድርገው፣ ሚዛኑ ወደዚህ ያደላል በሚል መለኪያ፣ ልጁ ግንቦት 31 ቀን እኩለ ቀን ላይ ሞቷል ብለው ወሰኑ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ጉዳዩ ለልጁ የሚበጀው ምንድን ነው በሚለው እንደገና ይታይ ብሎ መለሰው። በሕግ ሞቶ የነበረው ልጅ በሕግ እንደገና ታካሚ ሆነ ማለት ነው። ማሽኑ ተነቅሎ ያረፈው ነሐሴ 6 ነው።

ጃፓኖች በ1997 ባወጡት ሕግ የተለየ መንገድ ሄደው ነበር። ሰውየው አካሉን ለመስጠት አስቀድሞ በጽሑፍ ካልተስማማ፣ ቤተሰቡም ካልፈቀደ፣ በአንጎል ሞት ሞቷል አይባልም። ሕጉ በ2010 ላላ። ሌላው «እንዴት ሞት በፈቃድ ይሆናል?» ብሎ ይስቅ ይሆናል። እኔ አልሳቅኩም።

ወደ ልጁ ልመለስ። ሐኪሙ ስህተቴን ስነግረው አልተቆጣም። «እንግዲያው የመጨረሻውን ምርመራ ይዩት» አለ፤ ሁሉም ሐኪም ይህን አይፈቅድም። እናትየው አልጋው ግርጌ ቆሙ፣ እኔ ከጎናቸው። መብራቱን ዓይኑ ውስጥ አበራ፤ ብሌኑ አልጠበበም። የዓይኑን ጥቁር በጥጥ ጫፍ ነካ፤ ሽፋሽፍቱ አልተንቀሳቀሰም። በጆሮው በረዶ የመሰለ ውሃ አፈሰሰ፤ ዓይኑ ወዴትም አልዞረም። እኔ እያንዳንዱን በሹክሹክታ እተረጉማለሁ።

ከዚያ ማሽኑን አላቀቁት። በቀጭን ቱቦ ኦክስጅን ይገባለታል፣ የሚነፋለት ግን የለም። ደሙ ውስጥ ካርቦንዳይኦክሳይድ ይጠራቀማል፤ ከአንጎል ግንድ ጥቂት እንኳ የቀረ ካለ፣ ያ ጋዝ ሲበዛ ደረቱን ተንፍስ ብሎ ያዘዋል። ልብሱን ከደረቱ ገፈፉት። ሁላችንም ደረቱን እናያለን። አሥር ደቂቃ ረጅም ነው። በአምስተኛው ደቂቃ ይመስለኛል እናትየው ጎንበስ ብለው ፊታቸውን ወደ ደረቱ አስጠጉ፤ መስኮት ላይ ጤዛ የሚፈልጉ ይመስላሉ። ምንም የለም። የደሙ ናሙና ሲመጣ ቁጥሩ ከ60 አልፏል፣ መስፈርቱ እሱ ነው። ሐኪሙ ሰዓቱን አየና «የሞት ሰዓት 11:20» አለ። ማክሰኞ ነው።

በዚህ ጊዜ አንዲት ነርስ እጇን ዘርግታ ማሽኑን መልሳ ሰካችው። ደረቱ እንደገና ከፍ ዝቅ ማለት ጀመረ።

እናትየው ቀና አሉ። «ሞቷል ካሉ ለምን መልሰው ሰኩት?»

ተረጎምኩት። ሐኪሙ አፉን ከፈተና ዘጋው። መልሱን አሁን አውቀዋለሁ፦ ቤተሰብ እንዲሰናበት፣ አካል መስጠት ካለም እንዲጠየቅ ነው። እሱም ያንኑ አለ፣ ዘግይቶ። ግን ያቺ ዝምታ ትክክለኛዋ መልስ ነበረች ብዬ አስባለሁ። ሞቷል ብለን እንደሞተ አናደርገውም። ፍርድ ቤት የሚደርሱት ቤተሰቦች ያልተማሩ ናቸው፣ ሳይንስ አልገባቸውም የሚባለውን ስሰማ ንዴቴ የሚመጣው በዚህ ነው። ገብቷቸዋል። የምንለውና የምናደርገው አለመግጠሙን ከኛ ቀድመው ያዩት እነሱ ናቸው።

መስመሩ ይፍረስ አልልም። ያን ደረት አሥር ደቂቃ አይቻለሁ፤ ልጁ አልነበረም። ማሽን ለዓመታት ይቆይ በሚለውም አልስማማም፣ ለዘመድ ተብሎ የሚሰጥ ቀን ወይም ሁለት ቀን ግን አይበዛም። ለነሱ ሆስፒታሉ እስከ ሐሙስ ሰጣቸው። ወንድምየው ፍርድ ቤቱን ተወው። ስለ አካል መስጠት ሲጠየቁ ምን እንደመለሱ አልጽፍም፤ የነሱ ነው።

የሥራ ደብተሬ ላይ «አንጎሉ ሞቷል» የሚለውን ሰርዤዋለሁ። ከጎኑ «ሞቷል። ትንፋሹ የማሽኑ ነው» ብዬ ጻፍኩ። ሐኪሙ «ብሬይን ዴድ» ብሎ ካቆመ ግን ከራሴ አልጨምርም፤ አስቆመውና «የትኛውን ልበልላቸው?» እለዋለሁ። አንዳንዱ ይቀየመኛል።

ሐሙስ ከሰዓት ማሽኑ ተነቀለ። ወረቀቱን ይዘው ሲመጡ ወንድምየው «የሞተበት ቀን ብለን የምንይዘው የቱን ነው?» ብሎ ጠየቀ። ሐኪሙ በጣቱ አሳየው፦ ማክሰኞ፣ 11:20።

እናትየው ወረቀቱን አላዩትም። «እኔ የምይዘው ሐሙስን ነው» አሉ።

ሐኪሙ ምን አሉ አለኝ። ነገርኩት። እሺ አለ።