ዞሮ የሚመጣ ኳስ

ዛሬ የከሰዓት ሺፍት ነበርኩ። በምሠራበት የአረጋውያን መኖሪያ ጥር በገባ ቁጥር የሳሎኑ ቴሌቪዥን የአባባ ነው። ስማቸውን እዚህ አልጽፍም። አባባ ነው የምላቸው፤ ትርጉሙን ከነገርኳቸው ጀምሮ እሳቸውም ወደውታል። ከኖርፎክ፣ ከሆፕተን የሚተላለፈው የቤት ውስጥ የቦውልስ ዓለም ሻምፒዮና አንድም ቀን አያመልጣቸውም።

ቦውልስ ፒን የሚጥሉበት ቦውሊንግ አይደለም። ጃክ የምትባል ትንሽ ኳስ አለች። ተጫዋቾቹ ትልልቅ ኳሶቻቸውን ወደ እሷ ያንከባልላሉ። ይበልጥ ያስጠጋ ነጥብ ያገኛል። መጀመሪያ ሳየው የልጅነታችን ብይ መሰለኝ። አባባ ራሳቸውን ነቀነቁ። ኳሱ ድፍን ክብ አይደለም። የአንድ ጎኑ ቅርጽ ትንሽ ይለያል። ሲለቁት ቀጥ ያለ መስሎ ይሄድና ጉልበቱ እያለቀ ሲመጣ ወደዚያ ጎን ይታጠፋል። ስለዚህ በቀጥታ ጃክ ላይ ያነጣጠረ ይስታል። የሚያነጣጥሩት ባዶው ቦታ ላይ ነው። ከዚያ ኳሱ ዞሮ ይመጣል። ይሄ ከገባኝ በኋላ ዓይኔን ከምንጣፉ ላይ መንቀል አቃተኝ።

አባባ ማንም ይጫወት ማን ወሬያቸው አንድ ሰው ላይ ነው የሚያልቀው። ዴቪድ ብራያንት። እኛ ካለንበት ከብሪስቶል ብዙም በማትርቀው ክሌቨደን በ1931 የተወለደ ሰው ነው (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። ሙያው መምህርነት ነበር። አባባ በወጣትነታቸው ሲጫወት አይተውታል። አቋቋሙን ሊያሳዩኝ ከወንበራቸው ሊነሱ ሲሉ ደግፌ ያዝኳቸው። ፒፓውን በአፉ ነክሶ፣ ብዙ ጊዜም ሳይለኩሰው፣ መጀመሪያ ቁጢጥ ይላል። ከዚያ ቀና እያለ አንድ እግሩን ወደፊት አስቀድሞ ኳሱን ይለቃል። አባባ ይህን ሲነግሩኝ ቀኝ እጃቸው በአየር ላይ ይንሳፈፋል። የሚንቀጠቀጠው እጅ በዚያች ቅጽበት አይንቀጠቀጥም።

ማታ ቤት ገብቼ ስለ ሰውየው አነበብኩ።

በ1966 ውጭ፣ ሣር ላይ የሚደረገው የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና ሲድኒ ላይ ሲካሄድ ነጠላውን፣ ማለትም አንድ ለአንድ የሚጫወቱበትን ውድድር፣ ያሸነፈው እሱ ነው። በኮመንዌልዝ ጨዋታዎች በነጠላ አራት ወርቅ አለው፤ 1962 ፐርዝ፣ 1970 ኤድንብራ፣ 1974 ክራይስትቸርች፣ 1978 ኤድመንተን። በ1966ቱ የኪንግስተን ጨዋታዎች ቦውልስ ጭራሽ አልተካተተም። ተካቶ ቢሆን ኖሮ ብዬ ማሰቤ አልቀረም።

እኔን የያዘኝ ግን ሌላ ነው። በ1972 የዓለም ሻምፒዮናው እዚሁ እንግሊዝ፣ ዎርዚንግ መጣ። በገዛ አገሩ ማለት ነው። ነጠላውን የዌልሱ ማልድዊን ኤቫንስ ወሰደው። በ1976 ጆሃንስበርግ ላይ ደግሞ የደቡብ አፍሪካው ዳግ ዋትሰን። ብራያንት ሁለተኛውን የዓለም ነጠላ ድል ያገኘው በ1980 ነው፤ ሜልቦርን አጠገብ ፍራንክስተን ላይ። ከመጀመሪያው 14 ዓመት በኋላ። 48 ዓመቱ ነበር። በ1984 አበርዲን ላይ የኒውዚላንዱ ፒተር ቤሊስ አሸነፈ። አሁንስ በቃው የሚባልበት ዕድሜ ነው። በ1988 ኦክላንድ ሄዶ ሦስተኛውን ወሰደ። በ56 ዓመቱ።

እዚህ ጋ ስደርስ ስልኬን አስቀምጬ ቆየሁ።

እኔ 46 ዓመቴ ነው። ለሴፕቴምበር የነርስነት ትምህርት ማመልከቻ ሞልቼ ከጨረስኩ ሦስት ሳምንት አለፈኝ። አልላክሁትም። በዚህ ዕድሜዬ ከልጄ እኩዮች ጋር ክፍል ገብቼ መቀመጡ ይከብደኛል። ቋንቋው አለ፣ ኪራዩ አለ። ለማንም አልተናገርኩም። ለአባባ ብቻ አንድ ቀን ሻይ ስሰጣቸው ነግሬያቸዋለሁ። ያን ቀን ምንም አላሉኝም።

የቤት ውስጡ ነገር ደግሞ ሌላ ነው። እዚያ ንፋስ የለም፣ ዝናብ የለም፣ ሣሩም የለም፤ ምንጣፍ ነው። ውጭ ያደገ ተጫዋች እጁን እንደገና ማስለመድ አለበት። በ1979 የቤት ውስጥ የዓለም ነጠላ ሻምፒዮና ስኮትላንድ፣ ኮትብሪጅ ላይ ሲጀመር ግን የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዓመታት በተከታታይ ያሸነፈው ብራያንት ነው። ከዚያ በ24 ዓመት ገደማ ከሚያንሰው ከቶኒ ኦልኮክ ጋር ተጣምሮ የጥንዱን ውድድር ስድስት ጊዜ አሸነፈ። የመጨረሻው በ1992 ነው። ስልሳ ሞልቶት ነበር! በ2020 ነሐሴ ላይ አረፈ፤ 88 ዓመቱ ነበር።

ይህን ሁሉ ያነበብኩት ማታ ነው። ከሺፍቴ ልወጣ ስል ግን አባባ ጠሩኝ። ከቁም ሳጥናቸው ሥር አንድ የቆዳ ቦርሳ አስወጡኝ። ውስጡ ጥቁር ኳስ አለ፤ አንድ ኪሎ ተኩል ገደማ ይመዝናል። በአንዱ ጎን ትልቅ ክብ፣ በሌላው ትንሽ ክብ ተቀርጾበታል። የሚታጠፈው ወደ ትንሿ ክብ ነው አሉኝ። ኮሪደሩ ላይ ብርቱካን አስቀመጥን። እንደ ብራያንት ቁጢጥ አልኩ። እጄ ወደ ብርቱካኗ ሄደብኝ፤ ኳሱ ሳያገኛት ታጥፎ ግድግዳውን መታ።

"ወደ እሷ አትላኪው። ወደዚያ፣ ወደ በሩ" አሉ አባባ።

ሁለተኛ ጊዜ ወደ በሩ ለቀቅኩት። ሄደ፣ ሄደ፣ ከዚያ ቀስ እያለ ዘወር አለ። ብርቱካኗ ጋ ሊደርስ ሁለት ስንዝር ሲቀረው ቆመ። ዞሬ አየኋቸው።

"ደግመሽ" አሉ።