የጁላይ 4 መልእክት ለአስታራቂዎቻችን

ወዳጆቼ፣ በያላችሁበት እንኳን ለአሜሪካ ነፃነት 250ኛ ዓመት አደረሳችሁ። ዛሬ ጆን አዳምስ በኩዊንሲ፣ ቶማስ ጄፈርሰንም በሞንቲቼሎ በአንድ ቀን፣ ያውም በጁላይ 4፣ 1826 ካረፉ 200 ዓመት ሞላቸው። ጄፈርሰንን ሁላችሁም ለዜግነት ፈተና አጥንታችሁታል፤ ስለ ቤንጃሚን ረሽ የጠየቀ ፈታኝ ግን አላጋጠመኝም። ዘንድሮ ልቤ ያዘነበለው ወደ እርሱ ነው።

ሁለቱን መሪዎች ያቀያየማቸው የ1800ው የፕሬዝዳንትነት ምርጫ ነው። ተሸናፊው አዳምስ፣ ጄፈርሰን ቃለ መሐላ በፈጸመበት ቀን ጎሕ ሳይቀድ ዋሽንግተንን ለቆ ሄደ። በ1804 የጄፈርሰን ልጅ ስትሞት አቢጌል አዳምስ ለባሏ ሳትነግር የኀዘን ደብዳቤ ጻፈች፤ ለቅሶው እንኳ አላስታረቃቸውም፣ የደብዳቤው ልውውጥ ወደ አሮጌው ቂም ተመልሶ ተቋረጠ።

የነፃነት አዋጁ ፈራሚና የሁለቱም ወዳጅ የነበረው የፊላደልፊያው ሐኪም ረሽ ግን ተስፋ አልቆረጠም። በ1809 ለአዳምስ ሲጽፍ፣ ሁለቱ ታርቀው፣ ዕድሜ ጠግበው፣ በተቀራረበ ጊዜ ወደ መቃብር ሲወርዱ በሕልሜ አየሁ አለው። (እኔ ሕልሙን የሽማግሌ ብልሃት ነው ብዬ እጠረጥራለሁ።) በ1811 አዳምስ ከቨርጂኒያ ለመጡ እንግዶች ጄፈርሰንን ሁልጊዜም እንደሚወደው ተናገረ፤ ቃሉ ለጄፈርሰን ደረሰ፣ ጄፈርሰንም ለረሽ ጻፈ፣ ረሽም ከደብዳቤው ደግ ደጉን መርጦ ለአዳምስ አስተላለፈ። አዳምስ ጃንዋሪ 1፣ 1812 አጭር የአዲስ ዓመት ደብዳቤ ጻፈና በቤት የተፈተለ ሁለት ቁራጭ ልኬልሃለሁ አለ። ጄፈርሰን ጨርቅ መስሎት ስለ ቨርጂኒያ ፈትልና ሽመና ሐተታውን መለሰ፤ ጥቅሉ ሲደርሰው ግን የአዳምስ ልጅ የጻፋቸው ሁለት ጥራዝ መጻሕፍት ሆነው ተገኙ። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ከ150 በላይ ደብዳቤዎች ተጻጽፈዋል። ረሽ በኤፕሪል 1813 ስለ ሞተ ከዚያ ሁሉ ያየው የአንድ ዓመት ከጥቂት ወራቱን ብቻ ነው።

ሰው ሁሉ እኩል ተፈጠረ ብሎ የጻፈው ጄፈርሰን በዕድሜው ከ600 በላይ ሰዎችን በባርነት መያዙን፣ የባሪያ ንግድን ያወገዘው ረሽም ራሱ ባሪያ እንደ ነበረው አልረሳሁም፤ ይህ በርችት የሚሸፈን አይደለም።

እኛም በዐቢይ ጾም ጋሼን ቀበርን። የአገር ቤት ፖለቲካ ለያይቷቸው አንዱ ሲገባ ሌላው ከእድር ስብሰባ ይወጣ የነበሩትን ሁለት ወዳጆቼን ያስታረቁት እርሳቸው ነበሩ። ሁለቱን ፊት ለፊት አስቀምጠው አልገሠጹም። በክረምት፣ በዚያ በሚያማቸው ጉልበት፣ በአውቶቡስ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው እየተመላለሱ ቡና ይጠጣሉ፤ ሊነሡ ሲሉ፣ ኮታቸውን እየቆለፉ፣ “ለካ ያ ሰው ያንተን እናት ሲታመሙ ጠይቋቸው ኖሯል” ይላሉ። የሰሙትን ክፉ ነገር ግን አንድም ቀን አላነሡም። በቀብራቸው ዕለት ሁለቱ ወዳጆቼ ወንበር ሲደረድሩ፣ እንግዳው መኪናውን የት ያቁም በሚለው ተጨቃጨቁ። እየተላቀስን ሳቅን፤ ጋሼም ቢያዩ ይስቁ ነበር።

እትዬ፣ ያንን ሁሉ ክረምት ባለቤትዎን ያለ ቅሬታ ስለ ለቀቁልን እግዚአብሔር ይስጥልን። የአርባውን ዝክር ከሥራ መልስ ቆማችሁ ያበሰላችሁ የእድራችን እናቶች፣ ዕድሜና ጤና ይስጣችሁ። በዚህ ዓመት ከወንድሙ ጋር ሳይነጋገር በዓሉን የሚያሳልፍ ካላችሁም፣ የሚመላለስላችሁ ሰው አይጥፋ፤ ሲመጣም በሩን ክፈቱለት።

እናንተ ሁለታችሁ ደግሞ ማታ ለጥብሱ አብራችሁ እንደምትመጡ ሰምቻለሁ። እትዬም ስለሚመጡ አንዳችሁ በመኪና አምጧቸው፣ ማን ያምጣቸው በሚለው ግን እባካችሁ አትጨቃጨቁ።